ጉዳዩ፦ በስልካችን የሚደርሰን የሥራ ማሳወቂያ እንዲስተካከልልን ስለመጠየቅ

ለድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

እኛ አመልካቾች ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በታች ባለው ችግኝ ጣቢያ የምንሠራ የመደብ ሠራተኞችና ጥበቃዎች ነን። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ባቋቋሙት ማዕከል ኮሶና ጥቁር እንጨት አይቶ ከእኛ የሚገዛ ደንበኛ አይታጣም።

የሥራ ትእዛዝ በስልክ መተግበሪያ እንደሚደርሰን በሚያዝያ ሲነገረን በደስታ ተቀበልን። ሆኖም ለሁላችንም አንድ ቴምፕሌት ተጫነብን። የሒሳብ ክፍል ደረሰኝና የግዢ ማጽደቂያ ሳይቀር እኛ ስልክ ላይ ይጮኻል። እንዳናጠፋው ምርጫው ተቆልፏል፤ ዳታውን የምንሞላው ግን ከኪሳችን ነው።

የባሰው የሰዓቱ ነገር ነው። ስልኩ ዝም የሚልበት ጊዜ «ከ4 እስከ 12» ተብሎ ተሞላ። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ለማለት ነበር። ሲስተሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ከሌሊቱ 10 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት አደረገው። ሌሊቱን ስንረበሽ እናድራለን፤ የጠዋቱን ትእዛዝ የምንሰማው ምሳ ላይ ነው።

በሰኔ ሚካኤል ማግስት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የጭነት መኪና መጣ። ትእዛዙ ታግዶ ስለቆየ ችግኙ ውኃ አልጠጣም፣ አልተለየም። ሹፌሩ ቸኩሎ እንዳለ አስጫነው፤ ደንበኛው ሥሩ የደረቀውን ኮሶ መለሰው። ኪሣራው «ማሳወቂያ ችላ በማለት» ተብሎ ከሰኔ ደመወዛችን ተቆረጠ። መልእክቱ የደረሰበት ሰዓት ስልካችን ላይ ተጽፏል፤ የሚያይልን ግን አጣን።

በሐምሌ አቦ ሰሞን ለቅርብ አለቃችን በቃል፣ ቀጥሎም በጽሑፍ አመለከትን። መልሱ «ሲስተሙ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ሲስተም የሚያደርገው ሰው የሞላበትን ነው። ቢሆንም ጭቃና ዝናብ ሳንል ተከላው እስኪያልቅ አንድም ቀን ሥራ አላቋረጥንም።

ስለዚህ ለየሥራ ክፍሉ የራሱ ቴምፕሌት እንዲዘጋጅ በትሕትና እንለምናለን። ለመደብ ሠራተኛ የውኃ፣ የርጭትና የጭነት ትእዛዝ፣ ለጥበቃ ደግሞ የበር ጉዳይ ይበቃል። አስቸኳዩ ብቻ ተቆልፎ ሌላውን ራሳችን እንድንመርጥ፣ ዝምታውም ከ22:00 እስከ 06:00 ተብሎ እንዲሞላ፣ ተራ ስልክ ለያዙት በኤስኤምኤስ እንዲላክ እንጠይቃለን። ይህ ለአይቲ ክፍሉ ከባድ ሥራ አይደለም። ያለ ጥፋታችን የተቆረጠው ደመወዝ እንዲመለስልን፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እናመለክታለን።

የችግኝ ጣቢያው ሠራተኞች