ፒያሳን ያስረጃት ማን ነው?

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፤ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ከ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ወዲህ በአዲስ አበባ መኻል የተናደውን ገደል ሲልሱ የሰነበቱ አያሌ ናቸው። አንዱ የመንገዱን ስፋት፥ ሌላው የመብራቱን ድምቀት፥ ሦስተኛው የአበባውን ብዛት እየቆጠረ «ከተማችን ሠለጠነች» ይላል። በአንጻሩ ቆሞ የሚያለቅስም አልጠፋም፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ልቅሶ ለማኪያቶውና ለኬኩ፥ ለራሳቸውም የወጣትነት ትዝታ እንጂ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው አይደለም። ብልህ የሚያለቅሰው ለትዝታው ሳይሆን ነገ ምን እንደሚበላ ስለሚያስብ ነው። ስለዚህ እኛ ከላሾችም ከትዝታ አልቃሾችም ወገን ሳንሆን አንድ ጥያቄ ይዘን ተነሥተናል። «አርጅታለችና ትፍረስ» የተባለችውን ፒያሳን ያስረጃት ማን ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የከተማዪቱ ሕይወት በሁለት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነበር። አንደኛው ግቢው ነው። ሁለተኛው ከግቢው በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጃፍ የተዘረጋው የአራዳ ገበያ ነው። ሹመትና ግብር በግቢው፥ ንግድና ወሬ በአራዳ ይገኝ ነበር። ገበሬው እህሉን፥ ነጋዴው አሞሌውንና ቡናውን፥ ሸማኔው ኩታውን ይዞ የሚመጣው ወደዚያ ነው። የአርመን፥ የግሪክ፥ የህንድና የዐረብ ነጋዴዎችም ሱቃቸውን የከፈቱት በዚሁ ገበያ ዙሪያ ነው። መኳንንቱም ተሸካሚውም፥ የአገሩ ሰውም እንግዳውም በአንድ ገበያ ይጋፋ ነበር። የዚህም ምስክር ቋንቋችን ነው፤ የገበያው ስም የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆኖ፥ ዛሬ «አራዳ» ስንል ነገር ቶሎ የሚገባውን የከተማ ሰው ማለታችን ነው።

በዚህ ገበያ ዙሪያ የበቀሉት ዝነኛ ቤቶችም ለጌጥ ብቻ የቆሙ አይደሉም። ምግብና መኝታን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይታይ በነበረበት ጊዜ፥ እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ ሆቴል ከፍተው ለአገሩ አዲስ ንግድ አሳዩ። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ሕንፃውን በአራዳ አቆመ፤ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ድርጅቱን ከባዕዳን እጅ ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አደረገው። ከገበያው አለፍ ብሎ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው የአርመን ነጋዴ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ተበላሽቶ በቀረበት ስፍራ ደግሞ ሰባራ ባቡር የሚል ስም ተወለደ። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም በ1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዋዜማ በጊዮርጊስ ፊት ለፊት ተመረቀ። እንግዲህ ባንኩ፥ ሆቴሉ፥ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ሐውልቱና የአንጥረኛው መዶሻ በአንድ ሰፈር ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ይህን አብሮነት በፕላን ሊለያይ የተነሣ ማን እንደሆነ ታሪክ መዝግቦታል። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፋሺስት ጦር የምኒልክን ሐውልት ከቆመበት አንሥቶ ሠወረው። በዚያው ዓመት ሐምሌ አቡነ ጴጥሮስን ረሸነ፤ በ1929 ዓ.ም. በየካቲቱ ጭፍጨፋ ወራት የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ። ይህን ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማው የኖርን ነገር ነው። በእርሳስና በማስመሪያ የተሠራውን ሥራ ግን እምብዛም አናነሣውም። የፋሺስት መንግሥት የነጩን ሰፈር ከአገሬው ሰፈር የሚለይ የከተማ ፕላን አወጣ፤ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። ዛሬ መርካቶ የምንለው ይህ ነው። ገበያዋ የተነቀለባት አራዳም የነጮች መናፈሻና መገበያያ እንድትሆን ተመድባ ፒያሳ ተባለች። በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው። ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ነገር ግን ይህ ስም ሲሰጥ አብሮ የወጣው ትእዛዝ «አንተ ከዚህ ውጣ» የሚል እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናስባለን?

ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ያ ፕላን ከሸፈ። ያከሸፈውም ሌላ ፕላን ሳይሆን ኑሮ ነው። ሕዝቡ ተመልሶ ገባ። ከወርቅ ቤቱ ኋላ ልብስ ሰፊው፥ ከሲኒማው ጎን ጫማ ጠራጊው፥ ከካፌው ጓሮ እንጀራ ጋጋሪዋ ሰፈሩ። ከዋናው ጎዳና አምሳ እርምጃ ገባ ያለ ሰው በአንድ ግቢ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦችን፥ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ እድር ያገኝ ነበር። የፒያሳ ንግድ ምስጢርም እዚህ ላይ ነው። አስተናጋጁ ከሥራው ቦታ በእግሩ ይደርሳል። ትንሹ ነጋዴ ውድ ኪራይ አይከፍልም። ደንበኛው ከአራት ኪሎና ከስድስት ኪሎ በእግሩ የሚወርድ ተማሪም፥ ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ባለጉዳይም፥ ለሠርግ ቀለበት የሚገዛ ሙሽራም ነው። የንግድ ሰፈር ማለት በሕንፃ ብዛት የሚለካ ይመስለው ዘንድ ማንም አይሳሳት፤ የንግድ ሰፈር ማለት የሻጭና የገዢ፥ የሠራተኛና የአሠሪ መቀራረብ ነው። አሮጌው ቤት በርካሽ ኪራዩ የድኻው ነጋዴ ካፒታል ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሐዊ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆነውን ቤቶች ቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆነውን የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተረከባቸው። አዋጁ የከተማ ድኻ ከባለቤት ማባረር እንዲድን ማድረጉን አንክድም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የፒያሳ የአብዛኛው ቤት አከራይ አንድ ሆነ፤ እርሱም መንግሥት ነው። ተከራዩ ቤቱን መሸጥ አይችልም፤ በቤቱ መበደር አይችልም፤ ግድግዳ ላድስ፥ ክፍል ልጨምር ቢል የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አከራዩ በበኩሉ ትንሿን ኪራይ ይቀበላል፤ ጣራውን ግን አይለውጥም፤ የፍሳሽ ቦዩንም አይከፍትም። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ የአከራዩ ጠባይ ግን አልተለወጠም። ወደ አምሳ ዓመት በዚህ ሁኔታ ከተቀመጠ በኋላ ያው አከራይ መጣና ቤቱን አየት አድርጎ «ይህማ ደሳሳ ነው፤ ለሰው መኖሪያ አይሆንም» አለ። እውነት ነው፤ ደሳሳ ነበር። ጥፋቱ የማን ሆኖ ቅጣቱ በማን ላይ ወደቀ? ቤት ያስረጀው አከራይ ዳኛም ፈራጅም ሲሆን፥ ተከራዩ እቃውን የሚጭንበት መኪና ይፈልጋል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሰው በሰባት አባወራ አንድ መጸዳጃ ይዞ ይኑር ወይ?» የሚለን ይገኝ ይሆናል። አይኑር! ይህን የሚፈልግ ቢኖር ከእኛ ጋር አይቁም። የታመመ ሰው ግን ይታከማል እንጂ አልጋ አስጠበበ ተብሎ አይቀበርም። የፍሳሽ መስመር መዘርጋት፥ የሚጠገነውን መጠገን፥ ጨርሶ የማይጠገነውን በዚያው ስፍራ በፎቅ ሠርቶ ነዋሪውን መመለስ ይቻል ነበር። በተነሣው ሕዝብ ቦታ ላይ የሚቆመው ሕንፃ ለዚያ ሕዝብ አንድ ክፍል ሊተርፈው የማይችልበት ምክንያት አልተነገረንም።

«ምትክ ቤት ተሰጥቷቸዋል» የሚሉንም አሉ። ምትክ ቤት መስጠት ካለመስጠት ይሻላል፤ ይህን እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ቁርስ ሸጣ የምታድረው ሴት ደንበኞቿ የሚያልፉት በፒያሳ እንጂ በከተማዪቱ ዳር አይደለም። የሥራ ቦታው በመኻል፥ ቤቱ በዳር የሆነ ሰው ከደመወዙ ላይ ለታክሲ ግብር ከፋይ ሆነ ማለት ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት የእድር የከፈሉ አሮጊት፥ እድርተኛው በአምስት አቅጣጫ ከተበተነ በኋላ ማን ድንኳን ይጥልላቸዋል? ቤት በምትክ ይሰጣል፤ ጎረቤት ግን በምትክ አይሰጥም።

ቅርስን በጥንቃቄ መያዝ አቅማችን አይፈቅድም የሚለውንም ክርክር አንቀበልም። የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ በ2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሲነሣ አንድ ድንጋይ እንዳይጠፋ ተጠንቅቀን አኖርነው፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው መለስነው። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት የበላው የጣይቱ ሆቴልም ተጠግኖ እንግዳ ይቀበላል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በዚያው በፒያሳ እምብርት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል፤ ለጀግኖቻችን የሚገባ ሥራ ነው። እንግዲህ ሲፈለግ ይቻላል። የሚያሳዝነው ግን የመታሰቢያው ምረቃ ጭብጨባ ሳይበርድ የዶሮ ማነቂያና የአካባቢው ነዋሪዎች እቃቸውን ማውጣት መጀመራቸው ነው። ለአባቶች ድል ሐውልት አቁሞ የአባቶችን ሰፈር መበተን ምን ዓይነት መታሰቢያ ነው?

ሕግም የለም አይባልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቶ ያለ ነው፤ ብዙ ቅርሶች በአንድነት የሚገኙበት ስፍራ ተከልሎ እንዲጠበቅ የሚፈቅድ መንገድም አበጅቷል። ችግሩ ቅርስ ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው አንድ ለብቻው የቆመ ግንብ መሆኑ ነው። ግንቡን በአጥር ከልለን ዙሪያውን ስናጸዳው፥ የመጽሐፉን ሽፋን አስቀምጠን ገጾቹን እንደ መቅደድ ነው። ሆቴሉን ሆቴል ያደረገው ገበያው፥ ገበያውንም ገበያ ያደረገው ሕዝቡ ነውና።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ የፈረሰው ፈርሷል» የሚለን ካለ ጅቡ አልሄደም ብለን እንመልስለታለን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ባሠራቸው ቤቶች ስም የተጠራችውና በኋላ ሕዝቡ የራሱ ያደረጋት ሰፈር ናት። ከዚያ በኋላም ሌሎች ሰፈሮች አሉ። ስለዚህ የምንጠይቀው ላለፈው ብቻ ሳይሆን ለሚመጣው ጭምር ነው።

አንደኛ፥ የትኛው ሰፈር መቼና ለምን እንደሚነካ ዝርዝሩ አስቀድሞ ለሕዝብ ይገለጥ፤ የነዋሪውም ቃል ይሰማ። ሁለተኛ፥ ማንኛውም ጥንታዊ ቤት ከመነካቱ በፊት ይለካ፥ ይነሣ፥ ታሪኩ ይመዝገብ። ሦስተኛ፥ ተነሺው በቀድሞ ሰፈሩ በሚሠራው ቤት የመመለስ መብት በጽሑፍ ይሰጠው። አራተኛ፥ ትንሹ ነጋዴ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ በአቅሙ የሚከራየው ሱቅ ይመደብለት። ይህ ከሆነ ከተማ ማሳመር ማለት ድኻን ከዓይን ማራቅ አይሆንም።

ለእኛም የሚተርፈን ሥራ አለ። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ሆይ፥ ሜትርህን ይዘህ ውጣ፤ የቀሩትን ቤቶች ለካ። የታሪክና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ሆይ፥ የተበተኑትን ሽማግሌዎችና እናቶች በየሄዱበት ፈልገህ ቃላቸውን መዝግብ፤ ማን በየትኛው ደጃፍ እንደ ነገደ፥ የሰፈሩ ስም ከየት እንደ መጣ ከእነርሱ በቀር የሚነግርህ የለም። መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ትርፍ ሥራ ሳይሆን እንደ መመረቂያ ጽሑፍ እንዲቀበሉልን እናሳስባለን። የተሰበሰበው ሁሉ ማንም ሊያነበው በሚችልበት በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። የፋሺስትን ፕላን ያከሸፈው ሕዝብ የራሱን መዝገብ ሳይዝ ቀረ፤ ይህ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይደርስ ማድረግ የተማረ ነኝ የሚል ሁሉ ዕዳ ነው።

በፒያሳ ጥግ እሪ በከንቱ የምትባል ሰፈር አለች፤ ጮኾ ሰሚ ያጣ ሰው መታሰቢያ የሆነች ስም ናት። ስሟ የአንድ ሰፈር ብቻ ሆኖ ይቀር ዘንድ፥ የመላው ከተማ ስም እንዳይሆን፥ ዛሬ በኅብረት እንናገር።