በቤት ለሚሠራ አውሮፕላን የሪቬት መሣሪያ ስለ መምረጥ

ከመሣሪያ ነጋዴዎች ወገን፥ ሁለት ዕቃዎች በመልክ ከተመሳሰሉና አንዱ በሌላው ቦታ ከገጠመ፥ ርካሹን መሸጥ ለገዢው እንደ መራራት የሚቈጥሩ ብዙዎች ናቸው። ይህ አሳብ በአብዛኛው ሸቀጥ ላይ ጉዳት የለውም። ገዢው አውሮፕላን የሚሠራ ሰው በሆነ ጊዜ ግን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለክቡራን አንባብያን መግለጽ እንወዳለን።

በአሜሪካ አገር በገዛ ጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው እንግዳ አይደለም። የእነዚህ ሰዎች ማኅበር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. በሚልዎኪ ከተማ ተቋቁሟል። ሕጉም ባለቤቱ የሚበዛውን ሥራ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ሲል ራሱ ከሠራው ይፈቅድለታል። በኦሪገን የሚገኘው የቫንስ ኩባንያ ከሚሸጣቸው የአሉሚኒየም ክፍሎች ተገጣጥመው የበረሩት ብቻ ከ10,000 ይበልጣሉ። የእያንዳንዱም አካል በሺህ በሚቈጠሩ ሪቬቶች የተያያዘ ስለ ሆነ ገበያው የሚናቅ አይደለም።

ሪቬቱን ከአንድ ወገን የአየር መዶሻ ራሱን ይመታዋል፤ ከሌላው ወገን ከባድ ብረት ጭራውን ይደግፈዋል፤ ጭራውም ይደፈጠጣል። የተደፈጠጠው ጭራ ስፋቱ የሪቬቱን ውፍረት አንድ ጊዜ ተኩል፥ ቁመቱ ደግሞ ግማሽ ያህል ሲሆን ሥራው ደኅና ነው ይባላል። እንግዲህ የመኪና ቦዲ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የአየር መዶሻ ከአውሮፕላኑ መዶሻ ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አፍ አለው፤ የሪቬቱ መምቻም ይገባበታል። ስሕተቱ የሚጀመረው ከዚህ ነው። የአውሮፕላኑ መዶሻ ቃታው በጣት መጠን ቀስ እያለ ኃይሉን ይጨምራል፤ የቦዲው ግን ገና ሲነካ በሙሉ ጕልበቱና በፍጥነት ይመታል፤ መምቻውም ከሪቬቱ ራስ ተንሸራቶ ላሜራውን ይቀጠቅጠዋል። በጣም ደካማ መዶሻም ቢሆን አይበጅም፤ ምቱ ሲበዛ ሪቬቱ ይጠነክርና ሊሰነጠቅ ይችላልና። ስለዚህ በመዶሻው ላይ ገንዘብ መቈጠብን እኛ አንመክርም።

ሁለተኛው ተመሳሳይ ዕቃ የሪቬቱ ራስ የሚገባበትን ጕድጓድ የሚያሰፋው ፑንታ ነው። በአሜሪካ ለተራ ብሎን የሚሸጠው 82 ዲግሪ፥ በሜትር ለሚለካው ደግሞ 90 ዲግሪ ነው፤ የአውሮፕላን ሪቬት ራስ ግን 100 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ በዓይን አይያዝም፤ ሪቬቱ ግን በቦታው በሚገባ አይቀመጥም። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ለማይሞላ ስስ ላሜራ ደግሞ ከመቅደድ ይልቅ በወንድና በሴት ቅርጽ ተጭኖ መጐድጐድ ይሻላል። እነዚህም ቅርጾች የዚያው የ100 ዲግሪ መሆን አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን ሻጩ የንድፉን ወረቀት እንዲጠይቅ ያስፈልጋል፤ በፒንሳ ከአንድ ወገን ብቻ በሚሳብ ሪቬት የሚሠሩ አውሮፕላኖችም አሉና። ለእነዚህ መዶሻ መሸጥ ገዢውን መዝረፍ ነው። ከሱቅ የሚገኘው ተራ የአሉሚኒየም ሪቬትም የእነርሱን ቦታ አይተካም።

ገንዘቡ ሳይታሰብ የሚያልቀው ላሜራውን ለጊዜው አጣብቀው በሚይዙት ትንንሽ ማያያዣዎች ነው፤ በመቶ የሚቈጠሩ ያስፈልጋሉና። ሥራውን የፈጸመ ሰው ግን እነዚህንና መዶሻውን ለሚቀጥለው ሠራተኛ በደኅና ዋጋ ይሸጣል። ይህን አሮጌ ዕቃ የሚጠላ ነጋዴ ያጋጥማል፤ በእኛ አስተያየት ግን ያገለገለ ደኅና መዶሻ ተቀብሎ የሚሸጥ ሱቅ ደንበኛውን ለሪቬትና ለፑንታ ደጋግሞ ያገኘዋል።

ስለ አውሮፕላን የማያስብ የመርካቶ ባለሱቅም ቢሆን፥ ፑንታዎችን ዲግሪያቸው በካርቶኑ ላይ ሳይጻፍ በአንድ ሣጥን ቀላቅሎ ማስቀመጡን ቢተው መልካም ነው። አስመጪውም ትእዛዙን በሚልክበት ጊዜ ዲግሪውን በወረቀቱ ላይ ለይቶ ይጻፍ።