ከቆርቆሮው ሥር ምን አለ?

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ብርዱን በሚልክባት በገሳይ ትምህርት ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ክፍል?» ነው። ቀጥሎ «ቆርቆሮው ስንት ጌጅ?» ይባላል። ሙቀቱስ በምን ይያዛል ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? መሐንዲሱ? ገንዘብ የሰጠው ድርጅት? ኮሚቴው? ለመተማ ቆላና ለገሳይ ደጋ አንድ ንድፍ የሚያገለግል ከሆነ፣ ነዳፊው የማንን አየር አይቶ ነው የነደፈው?

እስኪ እናስላው። ሰባት በስምንት ሜትር የሆነ፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል እንውሰድ። ውስጡ ከውጭው በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በባዶ ቆርቆሮ በኩል ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ60 እስከ 70 ዋት ሙቀት ያመልጣል። ለ56 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ3,300 ዋት በላይ መሆኑ ነው። ተቀምጦ የሚማር ልጅ ሰውነት 70 ዋት ገደማ ያመነጫል። ታዲያ የ50 ልጆች ሙቀት በጣሪያው በኩል ብቻ ተሟጦ አይወጣም? ከቆርቆሮው ሥር 10 ሳንቲ ሜትር ፋይበርግላስ፣ ማለትም የመስታወት ጥጥ፣ ቢነጠፍ ግን ከካሬ ሜትሩ የሚያመልጠው ወደ 4 ዋት ይወርዳል። በታኅሣሥ ውርጭ እጁን ብብቱ ውስጥ የወሸቀውን ልጅ «አትጽፍም እንዴ?» የምንለው በምን አፋችን ነው?

አባቶቻችንስ በዚህ ከእኛ ያንሱ ነበር? 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የሣር ክዳን ሙቀት በመያዝ ከ10 ሳንቲ ሜትር ፋይበርግላስ ብዙም አይርቅም። ዘዴያቸውም አንድ ነው፤ ሁለቱም አየር በውስጣቸው ያግታሉ፣ የታገተ አየር ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ሣር ይበሰብሳል፣ እሳት ይይዘዋል፣ በየጊዜው ይታደሳል፤ በቆርቆሮ መተካቱ ተገቢ ነበር። ግን ከሣሩ ጋር የወረደውን ሙቀት በምን ተካነው? ግማሽ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ብረት? ጋቢ ገፎ ነጠላ ማልበስ ሥልጣኔ ነው?

«ፋይበርግላስ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ታዲያ ይህ ጥጥ መሰል ነገር በኦቭንና በውሃ ማሞቂያ ቦይለር ግድግዳ ውስጥ ምን ይሠራል? ለዳቦው ያወቅነውን ለሕፃኑ የረሳነው ለምንድን ነው? ክረምት በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ቆሞ የሚያሳልፈው ክፍለ ጊዜስ ወጪው በማን ይታሰባል? ፋይበርግላሱ ድምፅም ያፍናል።

የፋይበርግላስ ሻጩም ከጥያቄ አያመልጥም። ቆርቆሮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ያልበዋል፤ ፋይበርግላስ እርጥበት ከጠጣ ከንቱ ነው። እንፋሎት የሚያግደው ላስቲክ በዋጋው ውስጥ ገብቷል? በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት ሳይደፈን የተነጠፈው ምን ይረባል? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በአውሮፓውያኑ 2001 ይህን ለቤት የሚነጠፍ የመስታወት ጥጥ ካንሰር ያመጣሉ ለማለት በቂ መረጃ ካልተገኘባቸው ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ሆኖም ቆዳና ዓይን ይቆጠቁጣል። ለሚያነጥፈው የቀን ሠራተኛ ጓንትና ጭንብል የሚሰጠው ማን ነው? ገብስ በሚወቃበት፣ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና በሚሠራበት አገርስ፣ ጭዱና ጠጉሩ ከፋይበርግላስ ጎን ተለክተው ዋጋቸው ቢታወቅ አይሻልም? ለዚህ ልኬት ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚቀርብ ማን አለ?

የሚፈለገው በጨረታ ሰነዱ ላይ አንድ መስመር ነው፦ ከቆርቆሮው ሥር የሚነጠፈው ምንድን ነው፣ ውፍረቱስ ስንት ነው? ይህን መስመር ባዶ ትቶ ርክክብ የሚፈርም ኃላፊ ካለ፣ በታኅሣሥ አንድ ሙሉ ጠዋት እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይፈርም።