10 ዙር አይቶ ሰው ማወቅ ይቻላል?

ፊልም ላይ ፖከር ማለት ፊት ማንበብ ነው፤ ላብ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ጥቁር መነጽር። ስልክ ላይ ግን ፊት የለም። የማታውቁት ተጫዋች አንድ ቅጽል ስምና የሚያስይዘው ገንዘብ ነው፣ በቃ። ስለዚህ የሚቆጠረው ሌላ ነው፦ ስንቱን ዙር ይገባል? ሲገባስ ራሱ ከፍ ያደርጋል ወይስ ሌላውን ተከትሎ ብቻ ይከፍላል?

ችግሩ ናሙናው ነው። በቴክሳስ ሆልደም መጀመሪያ የሚታደሉት 2 ካርታዎች ጥንድ የሚሆኑት በአማካይ ከ17 ዙር በ1ዱ ብቻ ነው። 10 ዙር ዝም ያለው ሰውዬ ጥንቁቅ ይሁን ካርታ ያልቀናው በምን ታውቃላችሁ? (እኔ ብሆን "ፈሪ ነው" ብዬ እደመድም ነበር፤ ያስከፍላል።) ከ10 ዙር 8ቱን የገባ ግን ብዙ ይናገራል፤ ጥሩ ካርታ እንደዚያ ተደጋግሞ አይመጣማ!

በ2017 ሊብራተስ የተባለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ፒትስበርግ ውስጥ 4 ፕሮፌሽናሎችን በ20 ቀን፣ በ120,000 ዙር አሸነፈ። የሚገርመው፣ የተጋጣሚዎቹን ድክመት በማጥናት አልነበረም። ሌሊት ሌሊት የሚሠራው ቀን እነሱ ያገኙበትን የራሱን ቀዳዳ መድፈን ነበር።

ዛሬ ከቅጽል ስሙ ጀርባ ያለው ሰው ይሁን ቦት ከስክሪናችሁ አይታይም። አጫዋቾቹ ድርጅቶች ቦት ይከለክላሉ፤ ግን ከተቆለለው ገንዘብ የራሳቸውን ይቆርጣሉ፣ ስለዚህ ከሌሎቹ እኩል የሚጫወት ሰውም ይከስራል። በዚያ ላይ ያለፉ ዙሮችን የሚመዘግብ ሶፍትዌር ያለው ተጫዋች አለ። እናንተ የእሱን 10 ዙር አይታችኋል። እሱስ የእናንተን ስንት መዝግቧል?