«ግራና ቀኝህን እይ» የማይበቃበት መንገድ

የክሪኬት መቺ ኳሷን እስከ ዱላው ድረስ በዓይኑ የሚከተላት ይመስለናል። ማይክል ላንድና ፒተር ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ያገኙት ግን ሌላ ነው፤ ዓይን ኳሷን ስትወነጨፍ ለቅጽበት ያያትና ቀድሟት ወደምትነጥርበት ቦታ ዘሎ ይጠብቃታል። የተካነውን መቺ ከደካማው የለየውም ይህን ዝላይ ቀድሞ መጀመሩ ነበር። በቤዝቦል በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትወረወር ኳስ መቺው ዘንድ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። አይቶና አስቦ ለመወሰን የሚተርፍ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ አትሌቱ የሚተማመነው በዓመታት ልምምድ ባካበተው ግምት ነው።

ይህ ልምምድ የሌለው የሰባት ዓመት ልጅ አስፋልት ዳር ቆሞ ተመሳሳይ ስሌት እንዲሠራ እንጠብቅበታለን። «ግራና ቀኝህን አይተህ ተሻገር» ካልነው ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል (እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው)። ልጁ ግን አይቶም ይሳሳታል። ዓይን የመኪናን መቃረብ የሚያውቀው በዋናነት ምስሉ እየገዘፈ ሲሄድ ነው። ከ5 ሰከንድ በኋላ የሚደርስ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ 42 ሜትር፣ በ60 ከተጓዘ ደግሞ 83 ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ በእጥፍ የሚፈጥነው መኪና በግማሽ አንሶ ይታያል፤ የሚገዝፍበትም ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። ይበልጥ አደገኛው መኪና ይበልጥ የቆመ ይመስላል ማለት ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የሮያል ሆሎዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች በሰዓት ከ20 ማይል በላይ የሚመጣን መኪና መቃረብ በአስተማማኝ ሁኔታ ላይለዩ ይችላሉ። ይህን ጉድለት ምክር አይሞላውም።

አረጋውያንም በሌላ መንገድ እዚያው ይደርሳሉ። ለመሻገር ሲወስኑ ከመኪናው ፍጥነት ይልቅ በርቀቱ የመመራት ዝንባሌ አላቸው፤ እርምጃቸውም ዘግይቷል። የአሜሪካ የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 የእግረኛን መደበኛ ፍጥነት በሰከንድ ከ4 ጫማ ወደ 3.5 ጫማ ማውረዱ ተገቢ ነበር። ሆኖም 20 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት 19 ሰከንድ ሲፈጅ፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ሜሪላንድ ለመጡና በሰከንድ 0.8 ሜትር ለሚራመዱ እናት 25 ሰከንድ ያስፈልጋል።

ዌልስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በመኖሪያ አካባቢዎች መደበኛውን የፍጥነት ወሰን ከ30 ወደ 20 ማይል ስታወርድ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ አሰባስበዋል። ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም፤ ጉዞ ይረዝማል። ቢሆንም ከልጁ ዓይን ይልቅ የአሽከርካሪውን እግር መግታት እንደሚቀል አምናለሁ። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ አዲስ መንገድ ሲመረቅ ግን በብዛት የምንሰማው ስለ ስፋቱ ነው። ከውጭ ሆነን ለከተማዋ ዕቅድ ሐሳብ የምናዋጣ ባለሙያዎች በቅድሚያ ልንጠይቅ የሚገባን፣ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ የተፈቀደው ፍጥነት ስንት እንደሆነና መኪናውን በግድ የሚያዘገይ ጉብታ መኖር አለመኖሩን ነው።