ጠባቂዎች ወይስ አርበኞች?

ኮሚክ የሚባለው ሥዕላዊ መጽሔት በተማረው ሰው ዘንድ የልጆች መጫወቻ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። ልብ ወለድ ያነበበ ተማሪ «አንባቢ» ይባላል፤ ኮሚክ ያነበበው ግን ጊዜውን በከንቱ እንዳጠፋ ተቆጥሮ ይገሠጻል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። ኮሚክ ሁሉ ደግ ነው ማለታችን አይደለም፤ አብዛኛው እንዲያውም ሳይነበብ ቢቀር የማይጎዳ ነው። ዳሩ ግን አልፎ አልፎ ከመካከሉ ሊያከራክር የሚገባው ይገኛል። ለዚህም አንድ የቆየ ቁጥር አንሥተን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማቅረብ ወደድን።

ይኸውም የማርቭል ኩባንያ «ማርቭል ሱፐር ሂሮስ» በሚል ስም ያወጣው የነበረው መጽሔት 18ኛው ቁጥር ነው። በሽፋኑ ላይ ያለው ቀን ጥር 1969 ሲሆን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንሰጣለን) ዋጋው 25 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ደራሲው አርኖልድ ድሬክ፥ ሠዓሊው ጂን ኮላን ናቸው። በ2014 በወጣው ፊልም ዓለምን ያዳረሰው «የጋላክሲ ጠባቂዎች» የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በዚህ ቁጥር ነው። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ግን መጽሔቱን ቢከፍት ግር ይለዋል፤ ጠመንጃ ያነገተው ራኩን የለም፥ የሚናገረው ዛፍም የለም። የሚያውቀው ዮንዱን ብቻ ነው፤ እርሱንም በጭንቅ።

ነገሩ የሚሆነው በ3007 ነው። ባዱን የሚባሉ እንሽላሊት መሰል ፍጥረቶች የሰው ልጅ የሰፈረባቸውን ዓለማት ወርረው ይዘዋል። ቻርሊ 27 የጁፒተር ወታደር ነው፤ ወገኖቹ የዚያን ፕላኔት ከባድ ስበት ይችሉ ዘንድ በሳይንስ ስለ ተለወጡ እርሱም እንደ ግንብ የሰፋ ሰው ነው። ለብቻው ከቆየበት የጠፈር ግዳጅ ሲመለስ አገሩን በጠላት እጅ ያገኛል። አምልጦ ፕሉቶ ሲደርስ ገላው እንደ መስተዋት ድንጋይ የሚያበራውን ማርቲኔክስን ያገኛል፤ የፕሉቶ ሰዎች ደግሞ ለብርድ የተሠሩ ናቸው። በሌላ ወገን ከአልፋ ሴንታውሪ የተያዙት ቫንስ አስትሮና ዮንዱ ከባዱኖች እጅ ያመልጣሉ። አራቱ ይገናኛሉ፤ ለመዋጋትም ይማማላሉ። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ሴራ የለውም።

የቫንስ አስትሮ ነገር ግን ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ይህ ሰው በ1988 ከምድር ተነሥቶ ወደ አልፋ ሴንታውሪ የተላከ ጠፈርተኛ ነው። መንገዱ ሺህ ዓመት ያህል ስለሚፈጅ እንዳያረጅ አድርገው አስተኝተው ሰደዱት። ዘመዱንም ዘመኑንም ትቶ ሄደ። ሺሁ ዓመት አልቆ ሲደርስ ግን ሰዎች ቆመው ተቀበሉት! እርሱ ተኝቶ ሳለ ከብርሃን የሚፈጥን መንኰራኩር ተሠርቶ፥ ኋላ የተነሡት ቀድመውት ደርሰው አገር አቅንተዋል። በዚህም ላይ ሰውነቱን ከሸፈነው የመዳብ ልብስ ቢወጣ ያ ሁሉ ዘመን ባንድ ጊዜ ይወርድበታልና፥ የሰው እጅ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሊነካው አይችልም። ልብ በሉ፤ ይህ የታተመው አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ከማረፏ ግማሽ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። አሜሪካ ጠፈርተኞቿን በምታወድስበት ሰዓት ድሬክ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ የሆነበትን ጠፈርተኛ አቀረበ። ጥላ በመሣል የታወቀው ኮላንም ፊት የሌለውን ይህን ሰው በአቋሙ ብቻ ኀዘንተኛ አድርጎ አሳይቶታል።

አሁን ወደ ስማቸው እንምጣ። ጠባቂ ማለት በእጁ ያለውን የሚጠብቅ ነው። እነዚህ አራቱ ምን ይጠብቃሉ? ምድር ተይዛለች፥ ጁፒተር ተይዟል፥ ፕሉቶም ሄዷል። እንግሊዝኛው ምንም ብሎ ቢሰይማቸው፥ አገሩ በጠላት ተይዞ ሳለ አልገዛም ብሎ ዱር የገባውን ሰው አማርኛ «አርበኛ» ይለዋል። ከ1936 እስከ 1941 የሆነውን የሰማ ወይም ያነበበ ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ታሪኩ መጀመሪያ የታሰበው ደግሞ በሌላ መልክ ነበር። ሮይ ቶማስ ኋላ እንደ ተናገረው፥ የእርሱ አሳብ ሩሲያኖችና ቻይናዎች አሜሪካን ወርረው ሲከፋፈሏት በሽምቅ የሚዋጉ ጀግኖችን ማሳየት ነበር። ድሬክና አዘጋጁ ስታን ሊ ተነጋግረው ነገሩን ወደ ጠፈር ወሰዱት። እኛ ይህን ለውጥ ትልቅ ዕድል እንለዋለን። የመጀመሪያው አሳብ ቢታተም ኖሮ ከፍርሃት የተወለደ ተራ ፕሮፓጋንዳ ሆኖ ይቀር ነበር። ጠላቱ ዜግነት የሌለው እንሽላሊት ሲሆን ግን ወራሪ የረገጠው ሕዝብ ሁሉ ራሱን አገኘበት። አስቡት እስቲ፤ በ1968 መጨረሻ ከ5 መቶ ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ቬትናም ነበሩ። ያን ጊዜ ለውትድርና ይጠራኛል ብሎ የሚሰጋ የአሜሪካ ተማሪ 25 ሳንቲም ከፍሎ ለሽምቅ ተዋጊዎች አጨበጨበ፤ የገዛ መንግሥቱ ጦር በሌላ አገር የሚያሳድደው እንዲህ ያለውን ሰው መሆኑን አስተውሎ ይሆን?

ስለ ድሬክ አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ፤ ለማኅበር ጋዜጣ ይገባልና። ሰውየው ወደ ማርቭል ከመምጣቱ በፊት ለዲሲ ኩባንያ ሲጽፍ፥ ለደራሲዎች የተሻለ ክፍያና የሕክምና ዋስትና ይሰጥ ብለው ከጠየቁት አንዱ ነበር።

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ የመጽሔቱን ጉድለት ብንሸፍን አድልዎ ይሆንብናል። ጉድለቱ ዮንዱ ነው። ዮንዱ የዚያ ዓለም የትውልድ ልጅ፥ ቀስቱን በፉጨት የሚያዝዝ ባለ ሰማያዊ ገላ አዳኝ ነው። ቫንስን የተቀበሉት ሰፋሪዎች አገር ያቀኑት እንግዲህ በማን ምድር ላይ ነው? በዮንዱ ወገኖች ምድር ላይ አይደለምን? ደራሲው ስለ ወረራ እየጻፈ ይህን ጥያቄ አልፎት ይሄዳል፤ ባለ አገሩንም ቀስት አስይዞ የነጩ ጠፈርተኛ ተከታይ ያደርገዋል። የታሪኩ ርእስ «ምድር ታሸንፋለች» የሚል ሲሆን፥ የአሜሪካ ጥቁሮች ለመብታቸው ሲሰለፉ ይዘምሩት የነበረውን መዝሙር እንደሚያስተጋባ ግልጽ ነው። መዝሙሩን ሲወስዱ ግን ከዘማሪዎቹ አንድ እንኳ ከአራቱ ጀግኖች መካከል አላቆሙም። ይህን የምንለው መጽሔቱ እንዲጣል አይደለም፤ እንዲያውም ክፍል ውስጥ ገብቶ መምህርና ተማሪ ቢከራከሩበት የምንወደው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ ቁጥር በኋላ አራቱ እስከ 1974 ድረስ ተረስተው ቆዩ። ያን ዓመት ስቲቭ ገርበር የሚባል ደራሲ አነሣቸው፤ ኋላም ምድርን ነፃ አወጡ። በ2008 ዳን አብኔትና አንዲ ላኒንግ ስሙን ለሌላ ቡድን ሰጡት፤ ፊልሙም የተሠራው ከዚያ ነው። ፊልሙ ያስቃል፥ ሙዚቃውም ደግ ነው፤ በእርሱ ጠብ የለንም። ነገር ግን ጀግኖቹ አሁን በእውነት ጠባቂዎች ሆነዋል፤ የተወሰደባቸውን ምድር ለማስመለስ የሚዋጉት ሰዎች ታሪክ ቀርቷል። ዮንዱም ሽፍታ አለቃ ሆኗል። በ2017 በወጣው ሁለተኛ ፊልም መጨረሻ ላይ ቻርሊ 27ና ማርቲኔክስ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ይላሉ፤ የቀድሞ ጓዶች ተብለው። ቫንስ አስትሮ ግን በመካከላቸው የለም።