ለቤት ደብተር ስንት ብርዕ ይበቃል?

የቤተ ሰብ ኀላፊ የሆነ ሰው የዕለት ጉዳዩን በአንድ ደብተር መጻፍ እንደሚገባው ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ማስረዳት አስፈላጊ አይመስለንም። የእድሩ ቀን፣ የእቁቡ ተራ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ለነጋዴ በዱቤ የተሰጠው ቡና፣ ይህ ሁሉ በቃል ብቻ ተይዞ እንደማይዘለቅ ማንም ያውቀዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ደብተሩ በምን ይጻፍ ስለሚለው ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ እኔም ትንሽ ነው ብዬ ንቄው ሳለ ከቤተ ሰቤ ፊት ያሳፈረኝ ስለ ሆነ፣ የሆነውን እንደ ሆነው ልናገር አስቤአለሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወጣቶቻችን «ቡሌት ጆርናል» እያሉ የሚጠሩት የደብተር አያያዝ ወደ መቱም ደርሷል። ሥርዓቱን ያወጣው በኒው ዮርክ የሚኖር ራይደር ካሮል የሚባል ሰው ሲሆን፣ በልጅነቱ ኀሳቡን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ይቸግረው ስለ ነበረ ለራሱ መርጃ ያበጀውን ዘዴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ለሕዝብ ገለጠ፤ በ2018ም በመጽሐፍ አወጣው። ሊሠራ በታሰበው ጉዳይ ፊት አንዲት ነጥብ ትደረጋለች፤ ጉዳዩ ሲፈጸም በነጥቧ ላይ መስቀለኛ ምልክት ይደረባል፤ ወደሚመጣው ወር ሲተላለፍ ነጥቧ ወደ ቀስት ትለወጣለች፤ ተራ ማስታወሻ በጭረት፣ ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ በክብ ይለያል። ለዚህም ሁሉ ሰውዬው የጠየቀው አንድ ደብተርና አንድ ብርዕ ብቻ ነው። ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ግን ገጹን እንደ ጥልፍ በየቀለሙ ያስጌጡት ጀመር።

እኔም ከእነዚህ አንዱ ሆንሁ። ከመቱ ገበያ ዘጠኝ እስክሪብቶ ገዛሁ፤ ጥቁሩን ለመሥሪያ ቤት፣ አረንጓዴውን ለቡናና ለማር፣ ወይን ጠጁን ለልጆች መደብሁ፤ ለሒሳብ ደግሞ ሒሳብ የሚለዋወጥ ነገር ነውና በጫፉ ባለው ጎማ ሲታሽ የሚጠፋውን ሰማያዊ መረጥሁ። ውጤቱም ይህ ሆነ፤ ማታ ደብተሩን ስከፍት አስቀድሜ የማስበው ስለ ጉዳዩ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቀለሙ ሆነ። የልጄ የሐኪም ቀጠሮ በወይን ጠጁ ይጻፍ ወይስ በቀዩ እያልሁ ሳመነታ፣ እንግዳ መጥቶ ጉዳዩ ሳይጻፍ ያደረበት ሌሊት አለ።

ልጅ ሳለሁ ከቄስ ትምህርት ቤታችን አጠገብ ተቀምጠው ብራና የሚጽፉ አንድ ቁም ጸሓፊ ነበሩ። ከፊታቸው ሁለት ቀንድ በመሬት ተተክሎ በአንዱ ጥቁር፣ በሌላው ቀይ ቀለም ይኖራል፤ ብርዑም ጫፉ በካራ ተቀርጾ የተሰነጠቀ መቃ ነው። ጥቁሩ ከጥላሸት የሚዘጋጅ ስለ ሆነ ብርሃን አያደበዝዘውም፤ በየገዳማቱ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ እስከ ዛሬ የሚነበበው ስለዚህ ነው። ቀዩ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ ለምዕራፍም መነሻ ይውላል፤ የቀረው ጽሑፍ በጥቁር ይሄዳል። በኋላ በገባሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ግን ቀይ ቀለም የመምህሩ ብቻ ነበረና፣ ዛሬም ቢሆን ቀይ ጽሑፍ ባየሁ ጊዜ ጥቂት እደነግጣለሁ። ይህም አይከፋም፤ ቀይ ቀለም ካላስደነገጠ ምን ሥራ አለው? አራቱን ወንጌል በሁለት ቀለም የፈጸሙ ሰዎች ባሉበት አገር፣ የአንድ ተራ ጸሓፊ የቤት ደብተር ዘጠኝ ቀለም መጠየቁን ያን ጊዜ አላስተዋልሁትም።

በሐምሌ ወር ለአንድ ጉዳይ ወደ ጎሬ ሄጄ ስመለስ ዝናም ያዘኝ። ጎሬ በአገራችን ዝናም እጅግ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ መሆኗን የኢሉባቦር ሰው ሁሉ ያውቃል። (በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ የመንግሥቱ ሥራ ለጥቂት ወራት በዚያ ይካሄድ ነበር፤ ያን ክረምት ወረቀቱን ከርጥበት ለመጠበቅ ጸሓፊዎቹ ምን ያህል ደክመው ይሆን እያልሁ አስባለሁ።) መቱ እስክደርስ ደብተሬ በቦርሳዬ ውስጥ ርሶ ነበርና፣ እንዲደርቅልኝ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አድርጌው ተኛሁ። በማለዳ ስገልጠው አረንጓዴውና ወይን ጠጁ ፈስሰው ገጹን አቅልመውታል። ሰማያዊው ፈጽሞ የለም፤ የሒሳቡ ገጽ እንዳልተጻፈበት ነጭ ሆኗል። እንደ ተጻፈ የቆየው ጥቁሩ ብቻ ነበረ።

የጠፋው ሒሳብ ደግሞ የእናቴ ነው። እናቴ በሁሩሙ ካላቸው ማሳ የለቀሙትን ጀንፈል ለአንድ ነጋዴ በዱቤ ሰጥተው፣ ስንት እንደ ተከፈለና ስንት እንደ ቀረ የምጽፍ እኔ ነበርሁ። ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን እርሱ የቀረብኝ የ2 ፈረሱላ ዋጋ ነው ሲል እናቴ 4 ነው አሉ። ፈረሱላውም 17 ኪሎ ስለ ሆነ ልዩነቱ ለአንዲት አሮጊት ቀላል አይደለም። «ልጄ፣ አንተ ጽፈኸው የለምን? አውጣና አንብብለት» ባሉኝ ጊዜ የማወጣው አልነበረኝም።

የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ወጣት ምስጢሩን ነገረኝ። ይህ ዓይነት ቀለም በእውነት አይጠፋም፤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ሲያገኘው እንዳይታይ ሆኖ የተሠራ ነው። ጎማው የሚያጠፋውም በመታሸቱ በሚወጣው ሙቀት ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም በላይ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ግን ይመለሳል። ስለዚህ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ልኳንዳ ቤት ባለው ወዳጄ ፍሪዘር፣ ከሥጋው ጎን፣ ሁለት ሌሊት አሳደርሁት።

ጽሑፉ ተመለሰ፤ የተሰጠ 12 ፈረሱላ፣ የተከፈለ 8፣ የቀረ 4 ይላል። እኔ ዳኛ ብሆን በሙቀት ሄዶ በብርድ የሚመጣ ጽሑፍ በማስረጃነት ለመቀበል አመነታ ነበር፤ ደግነቱ ነጋዴው የራሱን የሚዛን ወረቀት ፈልጎ አግኝቶ ተስማማ።

ነገር ግን የተመለሰው ምድጃው ያጠፋው ብቻ አልነበረም። እኔ በጎማው ያጠፋሁትም ሁሉ አብሮ ተነሣ። ታናሽ እኅቴ በደሌ ስትኖር ለትምህርት መመዝገቢያ 3000 ብር ለምናኝ፣ እሺ ብዬ ጽፌው ነበር። በኋላ የቤታችን ጣራ ሲያፈስ መስመሯን አጠፋሁና በላዩ «ለቆርቆሮ» ብዬ ጻፍሁ፤ እርሷንም ረሳሁት አልኋት። አሁን ሁለቱ ጽሑፎች ተደራርበው ይታያሉ። ደብተሩን ይዛ የእናቴን ሒሳብ ታነብልኝ የነበረችው ባለቤቴ እዚያ ላይ ዝም አለች። «ረሳሁት አላልኻትም ነበር?» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በፍርድ ቤት ስንጽፍ ሥርዝ ድልዝ እንዳይኖር እንጠነቀቃለን። ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ በአንድ መስመር ብቻ ይሠረዛል፤ የፊተኛው ቃል ከሥሩ መነበብ አለበት፣ በጎኑም ይፈረማል። ቀኑን ሙሉ በዚህ ሥርዓት የምጽፍ ሰው ማታ በቤቴ የሚጠፋ ቀለም መምረጤ አሁን ያስገርመኛል።

ዛሬ በኪሴ ያሉት ሦስት ናቸው። ፊተኛው ጥቁር ተራ እስክሪብቶ ነው፤ በጫፉ ትንሽ ኳስ ያለችበት፣ በየሱቁ የሚገኘው። የሀንጋሪው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ የጋዜጣ ማተሚያ ቀለም ቶሎ እንደሚደርቅ አይቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። ቀለሙ ዘይትነት ስላለው ውሃ በቀላሉ አያፈሰውም፤ በክረምት ርጥበት በያዘ ወረቀትም ላይ እንደ ውሃ ቀለም አይሰፋም። ሁለተኛው የዚያው ዓይነት ቀይ ሲሆን፣ ቀኑ ካለፈ ጉዳት ለሚያመጣ ነገር ብቻ ይወጣል፤ በአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ከወጣ በዝቷል እላለሁ። ሦስተኛው እርሳስ ነው። ገና ያልተቆረጠ ነገር በእርሳስ ይጻፋል፤ ውሃ አያፈሰውም፣ ፀሐይ አያደበዝዘውም፤ በላጲስ ቢጠፋም ፋናው በወረቀቱ ላይ ስለሚቀር የሚያጠፋው ሰው ምን እንዳደረገ ያውቀዋል። ማድመቂያውን ለልጆች ሰጠሁ፤ ውሃነት ስላለው በጄል የተጻፈውን ይስበዋል። የወርቅ ጫፍ ያለው የቀለም ብርዕ ያላቸው መኳንንት ለፊርማና ለደብዳቤ ይያዙት፤ ለዝናም መንገድ ግን አይሆንም።

አዲስ እስክሪብቶ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ በቁራጭ ወረቀት ሁለት መስመር ይጻፍበት። እስከ 10 ቈጥሮ አንዱን በረጠበ ጣት ይሽ፤ ሁለተኛውን ከትኩስ የቡና ጀበና ጋራ አስጠግቶ ጥቂት ያቆየው። ሁለቱንም የቻለ ለቤት ደብተር ይበቃል። አንድ ትርፍ ጥቁር በመሳቢያ ማስቀመጥ ይገባል፤ ከዚያ ያለፈው ለልጆች መጫወቻ ነው።

የእኅቴን ጉዳይ በነሐሴ መጀመሪያ በጥቁሩ እንደ ገና ጻፍሁት፤ ከእናቴ ሒሳብ ሥር፣ ባለቤቴ እያየች። 1500 ብር ልኬላታለሁ። ቀሪው ገና ስለ ሆነ በፊቱ ያለችው ነጥብ መስቀል አልተደረበባትም።